ቁጭ ብሎ መሟገት ያልቻለው ጠበቃ

ወንድሜ ቁጭ ብሎ ስለ ሕግ መናገር አይችልም ነበር። ስለ አየሩ፣ ስለ ጫማው መጥበብ፣ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ሲያወራ እንደማንኛውም ሰው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ነው። «አንቀጽ» የሚል ቃል ከአፉ ሊወጣ ሲል ግን ጉልበቱ ምላሱን ይቀድመዋል። ምሳ እየበላን የቤት ኪራይ ውል ከተነሣ ማንኪያውን እንደያዘ ይቆማል። እናታችን በሕይወት ሳለች «ይኼ ልጅ ምግብ የሚወርድለት ክርክር ሲዘጋ ነው» ትል ነበር።

ይህን ከሁሉ ያስቀደምኩት በቀብሩ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ ስለዘለለው ነው። ያነበቡት የሙያ ባልደረባው ናቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፤ ከልባቸውም አዝነው ነበር። ይሁንና «ዘመን ያመጣውን አሠራር እስከ መጨረሻው ሳይቀበል ኖሯል» አሉ። ይህ ስህተት ነው። የቢሮው መዝገብ ያዥ እኔ ነበርኩ፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትም ይህንኑ ነው። ያልሆነ ነገር ተጽፎ ሲቀር ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ስለ እሱ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ አልችልም።

ቢሮው ከልብስ ሰፊው ሱቅ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ወጪና ወራጅ ሲገናኙ አንዱ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። የፊተኛው ክፍል የእኔ ነው፤ መደርደሪያዎቹ፣ የባለጉዳይ ወንበሮችና የሻይ ማፍያው እዚያ ናቸው። የኋለኛው የወንድም ጋሼና የልጁ ነበር። ልጁ ሕግ ተምራ ከአባቷ ጋር የምትሠራ ጠበቃ ናት። ጠረጴዛዎቻቸው ፊት ለፊት ስለነበሩ ተኮራርፈውም መተያየታቸው አይቀርም ነበር።

ሰፈሩ የሚያውቀው «ጠበቃ ነገ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት አሠራሩ ነው። ባለጉዳይ በንዴት ደረጃውን ወጥቶ ይመጣል። ወንድም ጋሼ እስኪጨርስ ሳያቋርጥ ያዳምጠዋል፤ ሻይ ይቀዳለታል፤ ከዚያ ብድግ ይልና «ጉዳይህ ያስከስሳል። እኔም እከስልሃለሁ። ነገ ተመለስ። ከዚያ በፊት ግን ሰውየውን አንድ ጊዜ ሄደህ አነጋግረው» ይለዋል። አብዛኛው አይመለስም። ጥቂቱ ይመለስና ከተጣላው ሰው ጋር አብሮ ለምስጋና ይመጣል፤ እኔም ሁለት ሻይ እቀዳለሁ።

ልብስ ሰፊው አንድ ቀን አላስችለው ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ እኮ ሙሽራን ለክቶ ሲያበቃ 'ለመሆኑ ማግባቱ የግድ ነው?' እንደሚል ሰፊ ነዎት» አለው።

«ስትለካ ታስከፍላለህ?»

«ለመለካት ማን ያስከፍላል?»

«እኔም እየለካሁ ነው» አለ ወንድም ጋሼ።

እንዲህ እያለ ሲኖር ከመንገዱ ማዶ ያ ትልቁ የጥብቅና ድርጅት ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው፤ እኛም «መስታወቱ» ነበር የምንለው። በሩ ላይ «የሕግ ጥያቄዎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል» ተብሎ ተጽፏል። ወዲያው ደግሞ ውል በስልክ የሚያዘጋጅ መተግበሪያ መጣ፤ ስም ያስገባሉ፣ አድራሻ ያስገባሉ፣ ውሉ ይወጣል። ነገ ተመለስ የሚል የለም። የእኛ ደረጃ ጸጥ እያለ ሄደ። መዝገብ የምፈልገው አቧራ ለማራገፍ ብቻ ሆነ።

ወንድም ጋሼ አልተከፋም። ኮቱን ለብሶ እንደ አንድ ባለጉዳይ መስታወቱ ቤት ገባና ቆይቶ ተመለሰ።

«እሺ፣ ምን አየህ?» አልኩት።

«ወንበራቸው ቆዳ ነው። ውሃ የሚቀዳ ማሽን አላቸው። ውሃው ጥሩ ነው፣ እታለም፤ ደግሜ ጠጣሁ።»

ልጁ ግን አልሳቀችም። ኋላ ነው ምክንያቱን ያወቅነው፤ መስታወቱ ለሥራ ጠርቷታል። ይህን የነገረችን በሩን ዘግታ፣ ሁለታችንንም አስቀምጣ ነው።

«አባዬ፣ ከአንተ ጋር መሥራት እወዳለሁ። ግን ባለጉዳይ የሌለው ጠበቃ ሆኜ አልቀመጥም። የዳቦ ጋጋሪዎች ማኅበር ቋሚ ጠበቃ እየፈለገ ነው። እኛ፣ መስታወቱና ሌላ አንድ ቢሮ ነን የተጠራነው። እሱን ካገኘን እቀራለሁ። ካላገኘን እዚያ እገባለሁ። እስከዚያ ደግሞ የምልህን ሁሉ ታደርጋለህ።»

«ክቡር ፍርድ ቤት ያዘዘውን እፈጽማለሁ» አለ፤ ይህንንም ሲል ቆሞ ነበር።

በእውነትም ፈጸመ። የአገልግሎት ዋጋችን በሰሌዳ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ሲሰቀል ምስማሩን የመታው እሱ ነው። ለባለጉዳይ የሚላከው ጽሑፍ ሁሉ የልብስ ሰፊው ሚስት አንብባ በምትረዳው ቋንቋ ይሁን ስትለው ጽሑፉን ይዞ ወደ ሴትዮዋ ይወርድ ነበር፤ ያልገባትን መስመር እዚያው ሰርዞ ይመጣል። ዘመን አልተቀበለም የተባለው ሰው ይህ ነው።

ያቃተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማኅበሩ ጠበቆቹን የሚያነጋግረው በስክሪን ነበርና ልጁ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ታለማምደው ጀመር። ሰላምታው ጥሩ ነው፤ ፈገግታውም ያምራል። ወደ ሕጉ ሲገባ ግን ብድግ። ካሜራው ሆዱን ብቻ ያሳያል።

«አባዬ፣ ተቀመጥ።»

«ተቀምጫለሁ።»

«ቆመሃል።»

ወደ ታች ያይና «እውነትሽን ነው» ይላል። ጭኑ ላይ ከባድ መዝገብ አስቀመጠችበት፤ መዝገቡን አቅፎ ተነሣ። ለስላሳ ትራስ ብታነጥፍለት ከትራሱም ተነሣ። ልብስ ሰፊው ጫጫታ ሰምቶ ወጣና በር ላይ ቆሞ ካየ በኋላ «ከወንበሩ ጋር ልስፋዎት?» አለው። ከኮቱ ሥር የሚለብሰው ሹራብ ሆዱ ላይ ያለው ቁልፍ ሲበጠስ የተከለለትም ይኸው ሰው ነው። ጥቁር ቁልፍ አልቆበት አረንጓዴ ነበር የተከለለት፤ «ማን ያየዋል?» ብሎ።

የማኅበሩ ቀን ደረሰ። እኔ ከካሜራው ውጪ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ልጁ በሌላው ጎን። መስታወቱ ከእኛ በፊት ቀርቦ ነበር። በስክሪኑ ላይ ሊቀመንበሯ፣ ጠንከር ያሉ ሴት፣ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀምጠዋል። ጉዳያቸውን አስረዱ፦ አንድ አባል ከማኅበሩ ወጥቷል፤ ሲወጣም ትልቁን የሊጥ ማቡኪያ ማሽን «የእኔ ነው» ብሎ ወስዶታል። የሚፈልጉት መጀመሪያ እሱን የሚከስ፣ ከዚያም በቋሚነት የሚያገለግላቸው ጠበቃ ነው።

«ሰውየው ይመልሳል አይመልስም ነው ጥያቄው» አሉ ሊቀመንበሯ።

ወንድም ጋሼ በጥሩ ሁኔታ ጀመረ። ሁለቱንም እጆቹን ወንበሩ ላይ አጣብቆ ነበር። «የጋራ ንብረትን በተመለከተ ሕጉ» ሲል ግን አለቀ፤ ተነሣ። ልጁ ዓይኗን ጨፈነች።

ከወዲያ የሒሳብ ሹሙ ድምፅ መጣ። «ጌታዬ፣ ድምፅዎ ይሰማናል። የሚታየን ግን አረንጓዴ ቁልፍ ነው።»

«የቁልፉም ሐሳብ ከእኔ የተለየ አይደለም፤ እንቀጥል» አለ ወንድም ጋሼ።

ሒሳብ ሹሙ ሳቀ። ሊቀመንበሯ አልሳቁም። እሱ አንዴ ከተነሣ መቀመጥ ስለማይሆንለት ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ፣ ፍርድ ቤት ምስክር ሲያዳምጥ እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣቸው ጀመር። ሊቀመንበሯ ስለ ማሽኑ ብዙ ተናገሩ። ሒሳብ ሹሙ የወሰደውን ሰው በስሙ ይጠራዋል፤ እሳቸው ግን አንድም ጊዜ ስሙን አላነሡም።

«እመቤት፣ ይህ ሰው ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አላቸው ከመስኮቱ ሳይዞር።

ሒሳብ ሹሙ ወደ ጣራው አየ።

«ወንድሜ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ታናሼ።»

ወንድም ጋሼ ወደ ስክሪኑ መጣ። ይዞት የኖረው ነገር ሊመጣ እንደሆነ አወቅሁ፤ ኮቱን ጎተት አደረግሁት፤ አልሰማኝም።

«ጉዳይዎ ያስከስሳል» አላቸው። «ቢፈልጉ እከስልዎታለሁ። ነገ ይመለሱ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሄደው ያነጋግሩት።»

ሊቀመንበሯ «አመሰግናለሁ» ብለው ዘጉት።

ልጁ ላፕቶፑን ከደነችና በቀስታ «መለስካቸው፣ አባዬ። እነሱንም መለስካቸው» አለች።

ወንድም ጋሼ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። «ሂጂ፣ የእኔ ልጅ» አላት። «ጥሩ ቢሮ ነው፤ ውሃውንም ቀምሼዋለሁ። እኔ በመስኮት አይሻለሁ፤ መስታወት አይደል?»

ይህን ሁሉ ያለው ቁጭ ብሎ ነው። እንደ ጠበቃ እየተናገረ እንዳልሆነ ያወቅነው በዚያ ነው። ልጁ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች፤ እኔ የፈላ ሻይ እንደገና አፈላሁ።

በማግሥቱ ደረጃው ላይ የሁለት ሰው ኮቴ ሰማሁ፤ አንዱ ፊት አንዱ ኋላ፣ ምክንያቱም ጎን ለጎን አያስኬድም። ሊቀመንበሯ እያለከለኩ ገቡ። ከኋላቸው ክንዱ ላይ ዱቄት ያለበት ሰው ብቅ አለና «አረንጓዴው ቁልፍ እዚህ ነው የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀ።

ሊቀመንበሯ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ። «ልሰድበው ነበር የሄድኩት» አሉን። «በሩን ሲከፍት ምን እንደምለው ጠፋኝና ስለ ቁልፉ ነገርኩት።»

«ከሳቅን በኋላ መኮራረፉ እምቢ አለ» አለ ወንድምየው። «ማሽኑን የወሰድኩትም እኮ መጥታ እንድትቆጣኝ ነው። እሷ ግን ሰብሳቢ ናትና ደብዳቤ ላከችብኝ።»

«አንተ ደግሞ መናገር ትችል ነበር።»

«ይኸው ተናገርኩ።»

ማሽኑን በተራ የሚጠቀሙበትን ውል ልጁ እዚያው ጻፈች፤ አነበቡት፤ ገባቸው። ሲነሡ ሊቀመንበሯ የዋጋ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱ። «ማኅበራችን ውስጥ ስንት የተኮራረፈ ሰው አለ መሰላችሁ» አሉ። «ያ የመስታወቱ ጠበቃ ክሱን ባለ ቀለም ሥዕል አድርጎ አሳየኝ። እንዴት እንደምናሸንፈው ነገረኝ እንጂ ሰውየው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም። ትናንት እናንተ ያደረጋችሁልኝ ነገር እዚህ ላይ የቱ ነው?»

እዚያ ላይ አልነበረም። ወንድም ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ከሻይ ጋር በነፃ ሲሰጥ የኖረውን ነገር ማንም አገልግሎት ብሎ ጽፎት አያውቅም። ልጁ እስክሪብቶ አነሣች፤ ከሁሉም መስመሮች በላይ ባለው ባዶ ቦታ «ከክስ በፊት ማነጋገር» ብላ ጻፈች። ወንድም ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ለመለካት ማን ያስከፍላል?» ሊል እንደሆነ ገብቷታልና ሳትዞር «አባዬ፣ ተቀመጥ» አለችው። ሳቀና ተቀመጠ። ማኅበሩ የእኛ ሆነ። ከሰዓት በኋላ መስታወቱ መልሷን ለመስማት ሲደውል ልጁ የሰጠችው መልስ አጭርና ትሕትና የተሞላ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደረጃው ላይ ሰው መለጣጠፍ እንደገና ጀመረ። መስታወቱም ቆይቶ የእርቅ ክፍል ከፈተ፤ ወንድም ጋሼ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል ሄዶ ውሃ ጠጥቶ መጣ። የካሜራው ነገርም ተፈታ። ልብስ ሰፊው ነው ሐሳቡን ያመጣው፦ ሰውየው ካልተሰፋ ጠረጴዛው ይርዘም። አናጢ ተጠርቶ ከፍ ያለ፣ ቀጭን እግር ያለው ጠረጴዛ ሠራለት። ላፕቶፑ እዚያ ላይ ተቀመጠ፤ ወንድም ጋሼ ቆሞ ፊቱ ሙሉ ታየ። እስከ ሕመሙ ድረስ በየቀኑ የሠራው በዚያ ነው። በሕይወት ታሪኩ መግባት የነበረበት ይህ ነው።

አሁን በጠረጴዛው የምትሠራው ልጁ ናት። ቁመቷ አይደርስም፤ ከሥሩ ትንሽ በርጩማ አድርጋ እሱ ላይ ትቆማለች። ባለፈው አናጢው በር ሊጠግን መጥቶ አያትና «እመቤቴ፣ እግሩን ላሳጥርልሽ፤ ትንሽ ነው የምቆርጠው» አላት።

ጠረጴዛውን በእጇ ዳሰስ አደረገች። «ነገ ተመለስ» አለችው።