ሙዚየም ውስጥ ያገኘሁት ዘመድ

ባላምባራስን ሙዚየም ይዣቸው የሄድኩ ዕለት... ምነው እግሬን በሰበረው!

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። እኔ የእስቴ አገር ልጅ ነኝ፣ አዲስ አበባ አስተምራለሁ። ባላምባራስ ደግሞ ከስማዳ ለርስት ክርክር መጥተው እኔ ቤት አርፈዋል። ልጃቸውን አስካለን እወዳታለሁ፤ እሷም ትወደኛለች። ሽማግሌ ብልክ ግን «የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ! ቡዳ ለቤቴ?» ብለው መልሰውብኛል። አያቴ ቤተ እስራኤል ነበረቻ። ማደሪያ ሲቸግራቸው ግን የቡዳው ቤት አልቀፈፋቸውም።

ከተማው ውስጥ የአይሁድን ታሪክና ቅርስ የሚያሳይ አነስተኛ ሙዚየም አለ ሲሉ ሰማሁ። የአያቴን ወገኖች ክብር ቢያዩ ልባቸው ይራራል ብዬ ወሰድኳቸው።

ስንገባ የእኛው አገር እንስራ፣ ጋንና ማረሻ በመስታወት ውስጥ ተደርድሯል። በግእዝ የተጻፈ ኦሪትም አለ።

«ይሄ እኮ ቤቴ ሞልቷል!» አሉ ባላምባራስ።

አስጎብኚው «የሠሩት የጥንት እስራኤላውያን ወገኖች ናቸው» ሲላቸው ደረታቸውን ነፉ።

«ለማን ትነግራለህ? እኔ ራሴ የሰለሞን ዘር ነኝ እኮ!»

«እንግዲያው ሠሪዎቹ ዘመዶችዎ ናቸዋ!»

«እንዴታ! የአንድ አባት ልጆች ነን!»

እኔ ምን እጠብቃለሁ... ጠጋ አልኳቸው።

«ባላምባራስ፣ አያቴም እኮ ከነዚሁ ናት። ባዕድ አይደለሁም ማለት ነው።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ... እቅፍ አድርገው ሳሙኝ!

«ልጄ፣ በድዬሃለሁ። ለካ ሥጋዬ ነህ!»

እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ። በዚያው ድፍረት «ታዲያ የአስካለ ነገርስ?» አልኳቸው።

«እሱማ አበቃ!» አሉ ደንግጠው። «ዘመድና ዘመድ ሰባት ቤት ሳይሞላው ይጋባል? ምን ነክቶሃል? ነውር አይደለም?»

«ኧረ ባላምባራስ! ከሰለሞን ወዲህ ሰባት አይደለም፣ ሰባ ቤት አልፎታል!»

«ቆጥረኸዋል?»

«ማን ይቆጥረዋል?»

«አየህ! ያልተቆጠረ ዝምድና ነው የሚያስፈራው።»

አስጎብኚው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ኦሪቱ ዞረ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ነደድኩ። ቡዳ ሲሉኝ እንኳ ይሟገቱልኛል የምላቸው ሽማግሌዎች ነበሩኝ። ሥጋዬ ነህ ላሉኝ ማንን ልላክ?

ከፋሲካ በኋላ አስካለን ዳሯት። ያገባት የጋይንት ባላባት ልጅ ነው። ሰርጉ ላይ «የሰለሞን ዘር ነኝ!» እያለ ሲፎክር፣ አማቱ ባላምባራስ ከሁሉ በላይ አጨበጨቡለት አሉ።

ከዚያ ሁሉ የሰለሞን ዘር መሃል ዘመድ ሆኜ የተገኘሁት እኔ ብቻ!