ከዘሃራ አፍ የነጠቅሁት ፊደል

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ነግሬያለሁ። ጾም መግደፌን፣ ለእናቴ ክፉ ቃል መመለሴን፣ በሰው ልብስ መቅናቴን ነግሬያቸዋለሁ። ሰምተው ስግደት ያዙኛል፤ እኔም ቀልሎኝ እመለሳለሁ። ይህን ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ምላሴ ጫፍ ላይ ይደርስና መልሼ እውጠዋለሁ። ለእናቴም አልነገርሁም፤ ለማንም አልነገርሁም። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ይሆን? ወይስ ስግደት ልታዙኝ ስለማትችሉ? እኔም በትክክል አላውቅም።

አሁን የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድሁት መሸንቲ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳለሁ ቤተሰቤ ወደ ባሕር ዳር መጥቶ ፋሲሎ ሰፈር ተከራየን። እዚያ «ሄድሁ»፣ «ጨረስሁ» ባልሁ ቁጥር የሰፈር ልጆች ይስቁብኝ ነበር። እነሱ «ሄድኩ»፣ «ጨረስኩ» ነው የሚሉት። አንድ ክረምት ሙሉ ብቻዬን እየተለማመድሁ አፌን ቀየርሁ፤ ስጽፍ ግን እስከ ዛሬ ያው «ሁ» ነው የሚመጣልኝ። ስለዚህ ሰው በአነጋገሩ ሲሳቅበት ምን እንደሚሰማው አውቅ ነበር። ይህን የምናገረው ለማመካኘት አይደለም። ሳላውቅ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለን አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር፤ የገባ ልጅ ምግቡም መኝታውም መጽሐፉም የሚቻልለት። ከየትምህርት ቤቱ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ብቻ ይወስዳል። መጀመሪያ የቋንቋና የሒሳብ ፈተና በጽሑፍ አለ። ያንን ያለፉት ደግሞ መምህራን ፊት ቆመው ያነበቡትን በራሳቸው አፍ ይተርካሉ፤ ሒሳቡንም እንዴት እንደሠሩት ያስረዳሉ። ቲቸር ታደለ ቅዳሜና እሑድ ሰብስበው ያዘጋጁን ነበር።

የክፍሌ ልጅ ዘሃራ ከጣና ማዶ፣ የደልጊ ልጅ ናት። አባቷ ታንኳና ጀልባ ይሠራሉ። እሷ ለትምህርት ስትል ፋሲሎ አጎቷ ቤት ተቀምጣለች። አጎቷ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ልጆች የበዙባቸው ሰው ናቸው። አዳሪ ትምህርት ቤቱ ከገባች ጥሩ፣ ካልገባች ግን ክረምት ሲገባ ወደ ደልጊ እንደምትመለስ ነግረዋታል። ደልጊ ከተመለሰች መማሯ እንደሚያበቃ እሷም ታውቃለች። ይህን ለማንም ሳትነግር ለእኔ ነግራኛለች። አያችሁ? አውቅ ነበር።

ቲቸር ታደለ ሁለታችንን አንድ ላይ አስቀመጡን። «ስመኝ፣ አንቺ በቋንቋ እርጃት፤ እሷ በሒሳብ ትርዳሽ» አሉ። እሷ ረዳችኝ። የሥራና የጊዜ ጥያቄ ሲመጣ እኔ ቁጥሮቹን ዝም ብዬ እደምር ነበር። አንድ ቀን እርሳሴን ከእጄ ወስዳ ሳቀች።

«አንቺ ልጅ፣ ሁለት ሰው አብሮ ሲሠራ ሥራው ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል? አባቴ አንዱን ታንኳ በሦስት ቀን ይጨርሳሉ፤ ወንድሜ ሰነፉ በስድስት ቀን። ቀኑን ተይው። በአንድ ቀን ስንት ሠሩ በይ። አባቴ ሲሶውን፣ ወንድሜ ስድስተኛውን። ደምሪው፤ ግማሽ ነው። ስለዚህ በሁለት ቀን ውኃ ላይ ነው!»

ቲቸር ታደለ ያላስረዱኝን በዚያች ንግግር ተረዳሁት። ስታስረዳ እጇም ዓይኗም ይናገር ነበር። ያንን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። መምህራኑ ፊት እንዲህ ከተናገረች አንዷ ሴት እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

እሷም እንደ ድሮው እኔ «ሄድሁ» ነው የምትለው፤ በዚህ የሚያሾፍባት የክፍላችን ልጅ ነበር። «ሁ! ሁ! እያልሽ ጅብ ጠራሽብን እኮ!» አላት አንድ ቀን። እሷ ቀና ብላ፣ «አንተን ጅቡም አይፈልግህ፤ አጥንት ብቻ ነህ» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔ በ«ሁ» የተነሣ ስንት ቀን እንዳለቀስሁ አስታውሼ በእሷ አለማፈር ቀናሁ።

ከዚያ ለዒድ ወደ ደልጊ ሄደች። እሷ በሌለችበት ቀን ያው ልጅ እጁን አውጥቶ፣ ፈተናው ላይ «ሁ» ማለት ያስቀንሳል ወይ ብሎ ጠየቀ። ቲቸር ታደለ ሳቁ። «ሁለቱም ልክ ነው። እንዲያውም የድሮ መጻሕፍት ‘ሁ’ ነው የሚሉት። እንደ አፋችሁ ተናገሩ» አሉ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነበርሁ። እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ።

ዘሃራ ስትመለስ እንዳመለጣት ገባትና ጠየቀችኝ። «ቲቸር ስለ ‘ሁ’ ተናግረዋል አሉ። ምን አሉ?»

«ነጥብ ይቀነሳል አሉ። በተናገርሽው ቁጥር።»

«ወላሂ በይ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ።»

ይኸው ነው። ያደረግሁት ይህን ነው። አልገፋኋት፣ አልሰረቅኋት፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የነገርኋት። ማን አስገደደኝ? ማንም። አስቤበት ነበር? እሷ ጥያቄዋን ሳትጨርስ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ስለዚህ ሳላውቀው ሳስብበት ኖሬ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር ይበልጥ ይከብደኛል፤ ያ በአንድ አፍታ ያለቀ አልነበረምና። በየሳምንቱ መጨረሻ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ታስረዳኛለች፤ «አካፈልሁ» ስትል ጠረጴዛውን በጣቴ አንኳኳለሁ። ትደነግጥና «አካፈልኩ» ትላለች። እንደገና ትጀምራለች፤ እንደገና አንኳኳለሁ። ወደ ኋላ ላይ በጣም ከመጠንቀቋ የተነሣ «በላሁ» የሚባለውን «በላኩ»፣ «ሰማሁ» የሚባለውን «ሰማኩ» ማለት ጀመረች። ከተሜውም ቢሆን እንዲህ አይልም። ልጆቹ አሁን የሳቁት የእውነት ነው። «ታዲያ መቼ ነው ‘ሁ’፣ መቼ ነው ‘ኩ’?» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። እኔ አውቀው ነበር፤ አንድ ክረምት ሙሉ ያጠናሁት እሱን ነውና። «በልምድ ነው የሚመጣው» አልኋት። እጇ መናገሩን ተወ። ቀልዷም ጠፋ። ቲቸር ታደለ፣ «ዘሃራ፣ ምን ሆነሽ ነው ዝም ያልሽው?» ሲሏት ወደ እኔ ታያለች፤ ከእኔ ፈቃድ የምትጠብቅ ይመስል።

የጽሑፉን ፈተና ሁለታችንም አለፍን። በቃል ፈተናው ቀን እሷ ቀድማኝ ገባች። በሩ በደንብ አይገጥምም ነበርና ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሰማኋት። ጥያቄው ስለ ሥራና ጊዜ ነበር፤ ሁለት ቧንቧ አንድ ገንዳ ሲሞሉ። ተኝታም ልትሠራው የምትችለው ጥያቄ። «መጀመሪያ... አካፈል...» አለችና ቆመች። «ደመር... ደመርኩ... አይ...» አንዲት መምህርት በለሰለሰ ድምፅ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እንደ መጣልሽ ተናገሪ» አሏት። ዝም። ያ ዝምታ የእኔ ሥራ ነው። በዚያች ሰዓት በሩን ከፍቼ «ዋሽቻት ነው» ብል ምን ይቀርብኝ ነበር? የሚቀርብኝን አውቄ ነው ያልከፈትሁት።

ስትወጣ ሳታየኝ አለፈች። እኔ ገባሁ። ከፍርሃት የተነሣ የልጅነት አፌ መጣብኝ፤ ለዚያው የቧንቧ ጥያቄ «የሁለቱን የአንድ ሰዓት ሥራ ደመርሁ» አልሁ። ደመርሁ! ከሦስቱ ፈታኝ መምህራን አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። አንዱ መምህር ግን ደስ ብሏቸው፣ «ጎበዝ! ይህን አካሄድ ማን አሳየሽ?» አሉኝ።

«ራሴ ነኝ ያገኘሁት» አልሁ።

እኔ ተመረጥሁ። አባቷ ሊወስዷት በጀልባ መጡ። ለእናቴ በሐይቁ ደንገል የተጠቀለለ ትልቅ አሳ ይዘው ቤታችን ድረስ መጡ፤ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ አብሮ ባይበላም አሳ ያገናኘናል። «ስመኝ የምትባዪው አንቺ ነሽ? አላህ ይስጥሽ ልጄ። ዘሃራ ‘ስመኝ ብዙ ደክማልኛለች፤ እኔው ነኝ ያልበረታሁት’ አለችኝ» አሉ። እናቴ አሳውን ወጥ ሠራችው። በላሁ። አላነቀኝም።

ዘሃራ ትምህርት አልቀጠለችም። ይህንን ከሌላ ሰው ነው የሰማሁት።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ሐይቁ ዳር፣ የደልጊ ጀልባ ከሚያራግፍበት ቦታ አገኘኋት። ዕቃ ልትገዛ መጥታ ነበር፤ ትንሽ እኅቷን በእጇ ይዛለች። ሳመችኝ። ዩኒቨርሲቲ እንደደረሰኝ ስነግራት ፊቷ በራ፤ «እኔማ አውቄው ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራችም። ቃል እየመረጠች፣ እያቆመች ነው የምትናገረው። ትንሿ ልጅ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «እኔ ዛሬ ዳቦ በላሁ!» አለችኝ። ዘሃራ ወዲያው ጎንበስ ብላ፣ «‘በላኩ’ በይ። እዚህ ከተማ ነው» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት «በላኩ» አለች። ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝ። «ልክ ነኝ አይደል ስመኝ?»

አዎ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።

የመጀመሪያውን ስዋሻት ልጅ ነበርሁ ልበል? እሺ፣ ሐይቁ ዳርስ? የሚያስፈራኝ ፈተና አልነበረም፤ የምትቀማኝም ቦታ የለም። ሁሉ በእጄ ነበር፤ የቸገረኝ በዓይኗ ውስጥ ያለችውን ስመኝ ማጣት ብቻ ነው። ለዚያ ስል ሌላ ልጅ ጨመርሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልሁት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለዋ ደልጊ ናት፤ እሷ ደግሞ የሚያስቀይም ነገር መኖሩን አታውቅም። የወደቀችው አፏ የማይረባ ስለሆነ ይመስላታል፤ ዛሬም እንደዚያ እያሰበች ትውላለች።

ይህን ጽሑፍ «ሄጄ እነግራታለሁ» ብዬ ልዘጋው ነበር። ሌላ ውሸት እንዳይጨመርበት ሰረዝሁት።