በሁዳዴ የተገኘው የእንቁላል ቅርፊት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... የልጄ የሶልያና ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶን፣ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ በእግር ወረድን። እኔ፣ ባለቤቴ ትርሲትና አማቴ እማማ ጥሩወርቅ።

አማቴ ሁዳዴን እኛ ጋ ሊጾሙ ነው ከጎጃም የመጡት። ትርሲትን ካገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ «አቶ ዳንኤል» እንጂ «ልጄ» ብለውኝ አያውቁም። ልጃቸውን ለመሐንዲስ ነበር ያሰቧት፤ የደረሳት ግን ከሰዓት ገብቶ ማታ የሚወጣ የፋርማሲ ሠራተኛ ነው... ማለቴ፣ እኔ ነኝ።

ሶልያና አራተኛ ክፍል ናት። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከገባች ወዲህ እኛ ቤት ቆሻሻ የሚጣለው በእሷ ፈቃድ ነው። አንዱ ፌስታል «የሚበሰብስ»፣ ሌላው «የማይበሰብስ»። የሙዝ ልጣጭ ያለ ቦታው ከጣልኩ አውጥታ በእጄ ታስጨብጠኛለች። ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ፌስታል አንጠልጥላ ስትወጣ፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልትሰጥ መስሎኝ «ጎበዝ!» ብዬ መርቄ ሸኘኋት።

ለካ የቤት ሥራ ነው።

ሜዳው ላይ ሸራ ተነጥፏል። መምህርቷ ጓንት አጥልቃ የየቤቱን ፌስታል በተራ እየዘረገፈች፣ የትኛው ማዳበሪያ እንደሚሆን ታስተምራለች። ከአንዱ አባት ቤት የቢራ ቆርኪ ብቻ ሲንኮሻኮሽ ወጣ። ሁላችንም ሳቅን። እኔማ ከሁሉም በላይ ሳቅኩ... ከዚያ የኛ ፌስታል ትዝ ሲለኝ ሳቄን አቆምኩ።

እውነቱን ልናገር። ጠዋት ትርሲት ሥራ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት፣ አማቴ ደግሞ ኪዳን ሊያደርሱ ሲሄዱ፣ ጨጓራዬን ሰበብ አድርጌ እንቁላል እቀቅላለሁ። ቅርፊቱን በሶፍት ጠቅልዬ ከማይበሰብሰው ፌስታል ሥር እቀብረዋለሁ።

«ቀጥሎ የሶልያና ቤተሰብ!»

መምህርቷ ሶፍቱን ስትፈታ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የእንቁላል ቅርፊት! ለአፈር በጣም ጥሩ ነው። ግን የሚበሰብሰው ውስጥ ነበር መግባት ያለበት። ሶልያና፣ አንቺ ነሽ ያደባለቅሽው?»

«እኔ አይደለሁም ሚስ! እኛ ቤት እኮ ሁላችንም ጾመኛ ነን!»

ትርሲት ወደ ልጅቷ ዞረች።

«ሶልዬ፣ እውነቱን ተናገሪ... አንቺ ነሽ የበላሽው?»

የልጄ ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀመረ። በጓደኞቿ ፊት፣ በገዛ ክበቧ፣ ውሸታም ልትባል ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ የበላሁት።»

«እግዜር ይፍታህ!» አለ ባለ ቆርኪው ሰውዬ ከኋላ። አሁን የሳቁ ተራ የእሱ ሆነ።

በየማዕዱ ስለ ጾም የሚገሥጹን አማቴ አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተዋል። ገረመኝ።

«ኧረ ሌላም አለ!» አለች መምህርቷ። ትንሽ ጥቁር ፌስታል አወጣች፤ አፉ በክር ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞ ታስሯል። ውስጡ ያው ቅርፊት ነው።

ቋጠሮውን አወቅኩት። እኛ ቤት በርበሬውንም ሽሮውንም እንዲያ አድርጎ የሚቋጥር አንድ ሰው ብቻ ነው። ቀና ስል ከአማቴ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። እኒያ ኩሩ ሴትዮ ፊታቸው ዐመድ መስሏል። በእውነት አሳዘኑኝ።

«ይሄስ የማን ነው?»

«እሱም የኔ ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ዶሮ እርባታ ነው እንዴ የምትሠራው?!» አለች ትርሲት። ወላጅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ስንመለስ እሷ ልጅቷን ይዛ በንዴት ቀደመች። አማቴ ወደ ኋላ ቀሩና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ሐኪሙ ነው... ደም አንሶሻል ብሎ» አሉ በሹክሹክታ።

«ታዲያ ለትርሲት ቢነግሯት ምን ነበረበት?»

«በሞቴ! ዝም በል ልጄ!»

ልጄ አሉኝ... መንገድ ላይ ልፈነድቅ ምንም አልቀረኝም።

ትርሲት እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች፤ እሱስ ያልፋል። የቸገረኝ ንስሐ አባቴ ጋ ስሄድ ነው... የራሴን ብቻ ልናገር ወይስ የአማቴንም ልጨምር?