የተቸነከረው መስኮት

ነገሩ የደረሰው በጃንሆይ ዘመን፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች፣ አንድ የሐምሌ ቀን ረፋዱ ላይ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ዛሬም ግን ሰው ብድግ ብሎ መስኮት ሲዘጋ ባየሁ ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ስጨርስ እኩዮቼ የልጆች እናቶች ነበሩ። እኔ የመሬት ጉዳይ በሚያይ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። አለቃዬ አቶ ደምሴ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። "አንቺ ልጅ፣ ከመዝገብ በቀር ወዳጅ የለሽም?" እያሉ በዝምታዬ ይቀልዱብኛል።

ክፍላችን ጠባብ ናት። ያላትን አንድ መስኮት የመሥሪያ ቤቱ ሹም ግራዝማች በምስማር አስቸንክረውታል፤ ሰነድ እንዳይሰረቅ፣ ዝናብም ወረቀቱን እንዳያበሰብስ ነው የተባለው። ከሳነቴ ደጋ የሚወርደው ብርድ ደግሞ ብዕር አያስይዝም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ከሰል በማንደጃ እናስገባለን። ተዉ ያለን አልነበረም።

በዚያ ቀን ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ቆይቶ ፊደሉ ተደራረበብኝ፤ ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው።

"ምች ነው" አሉ ቀና ብለው። "ምንም ሳትቀምሺ መጥተሽ ይሆናል።"

"በሩን ትንሽ ብንከፍተውስ?"

"ኧረ ተይ! እንዲህ አልቦሽ? ንፋስ ቢመታሽ አልጋ ላይ ነው የምትውይው።"

ጋቢያቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። ባለጉዳይ እየገባ ብርድ እንዳያመጣብኝ በሩን ቀረቀሩት፤ የሥሩንም ክፍተት በጆንያ ደፈኑት። ከሰል ጨመሩ። መጨረሻ የማስታውሰው ማንደጃውን በእግራቸው ወደ እኔ ሲገፉልኝ ነው።

የቀረውን የነገረኝ ዘበኛው ኦቦ አደም ነው። ከሲናና የመጣ አንድ ባለጉዳይ በሩን ሲደበድብ ቆየ። መልስ ሲያጣ፣ "ተኝተዋል! መንግሥት የቀጠራቸው ለእንቅልፍ ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"ቀስ በል እንጂ! ውስጥ ትልቅ ሰው አሉ" አለው ኦቦ አደም።

ሰውየው ዞሮ በመስኮቱ አጮለቀ። "ያ ረቢ! ሽማግሌው ወድቀዋል፤ ልጅቱም ወድቃለች። ስበረው!"

"የመንግሥት መስኮት እኮ ነው! ቆይ፣ ግራዝማችን ላስፈቅድ።" ኦቦ አደም ሮጠ። ግራዝማች እንግዳ ይዘው ስለነበር ደጃቸው ላይ ቆሞ ጠበቀ። የሲናናው ሰው ግን አልጠበቀም። መስተዋቱን በዱላው አርግፎ ገባ፤ በሩን ከውስጥ ከፍቶ ሁለታችንንም እየጎተተ አወጣን።

የነቃሁት ጭቃ ላይ ተጋድሜ ዝናቡ ፊቴን ሲመታኝ ነው። አጠገቤ ያ ሰው የአቶ ደምሴን ደረት ያሻል። "ኦቦ፣ ተነሱ! ኦቦ!" ይላል። አልተነሱም። የወደቁት እጃቸውን ወደ መቀርቀሪያው እንደዘረጉ ነበር አሉ።

ግራዝማች መጥተው አስከሬኑን ጎንበስ ብለው አዩ። ቀጥለው፣ "መስኮቱን በሸራ ሸፍኑት፤ ዝናቡ መዝገቡን እንዳያገኘው" አሉ። ክፉ ነበሩ አልልም፤ ቀብሩ ላይ አልቅሰዋል። ከበላይ የሚጠየቁት ግን ስለ ወረቀቱ ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እሳት ለመዝገብ አደገኛ ስለሆነ ከሰል ማስገባት ክልክል ነው ይላል። ስለ ሰው የሚል ቃል ፈልጌ ደግሜ አነበብኩት፤ የለበትም። መስኮቱም አዲስ መስተዋት ተደረገለትና እንደገና ተቸነከረ። ያ የሲናና ሰው በግርግሩ ጉዳዩ ሳይታይለት ሄዷል። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም።

ምች ያልነው የከሰሉ መርዝ እንደነበር ኋላ ከአንድ የጤና መጽሐፍ ተረዳሁ። አቶ ደምሴን የገደላቸው ለእኔ ማዘናቸው ነው እያልኩ ብዙ ዘመን ራሴን ስበላ ኖሬያለሁ። አሁን እንዲያ አልልም። ያ መስኮት የሚከፈት ቢሆን ኖሮ ደግነታቸው ማንንም ባልገደለ ነበር።

ቤቴ የመጣ እንግዳ ሁልጊዜ "ኧረ ንፋስ!" ይለኛል። የእሳቸው ጋቢ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፤ አምጥቼ እደርብለታለሁ። መስኮቱን ግን አልዘጋም።