«ባዶ ናት» የተባለችው በጌ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲገባ፣ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን ነው። እስከ ዛሬ ያልተመለሰልኝ ጥያቄ ስላለ አልረሳውም።

ነጯ በጌ ከሟቹ አባቴ መንጋ የተረፈች የመጨረሻዋ ናት። ዘሯ እንዳይጠፋ እሰጋ ስለነበር ሆዷ ሲገፋ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

አንድ ጠዋት እየዞረ የበጎችን እርግዝና በአልትራሳውንድ የሚመረምር ወጣት ሐኪም በባጃጅ መጣ፤ ሹፌሩ ውጭ ቀረ። ብሽሽቷ ላይ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን አስደገፈና ትንሿን ስክሪን ትኩር ብሎ አየ።

«እትዬ፣ ባዶ ናት። ማህፀኗ ውስጥ ያለው ውሃ ነው» አለኝ።

«ይህን የሚያህል ሆድ?»

«አዎ፣ ጽንስ የለም።»

ይህን ስንነጋገር ግቢው ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ከሰዓት በኋላ ግን የማላውቀው የበግ ነጋዴ መጣ።

«እህቴ፣ ያቺን መካን በግ ሽጪልኝ» አለኝ።

«መካን መሆኗን ማን ነገረህ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» ብሎ ዓይኑን አሸሸ።

ደሜ ፈላ። ሐኪሙ ባዶ ይላል፣ ነጋዴው በርካሽ ሁለት ነፍስ ይወስዳል፤ ተመሳጥረዋል ብዬ ጠረጠርኩና አባረርኩት።

በማግስቱ ሐኪሙ ጎረቤቴ ዘሃራ ቤት እንደሚመጣ ሰማሁ። እንዳይለያት በጌን ቀይ ጭቃ ለቅልቄ ከዘሃራ በጎች ጋር ቀላቀልኳትና ጓዳዋ ገብቼ አዳመጥኩ። «ይቺ ይዛለች፤ ይቺም ይዛለች» ሲል ቆይቶ የእኔዋ ጋ ሲደርስ፣ «የዚህችኛዋ ውሃ ነው» አለ።

ዘሃራ ወደ ጓዳ መጣችና በቤርታ አነጋገር ለዛዋ፣ «ወላሂ ያንቺን በግ አልለየም። ግን ያው ነው የተናገረው» አለችኝ።

«ለይቷት ቢሆንስ?» አልኳት።

ከሳምንታት በኋላ በጌ ስታምጥ ዋለች። ግልገል ስጠብቅ ውሃ ብቻ ጎረፈና ሆዷ ተለጠፈ። አለቀስኩ።

ሐኪሙ ተመልሶ ሲመጣ፣ «ልክ ነበርክ። ነጋዴውን ግን ማን ላከው?» አልኩት።

እጁን ጠረገ። «የባጃጁ ሹፌር ይሆናል» አለኝ። ሹፌሩ ግን ያን ቀን ከአጥር ውጭ ሆኖ ከባጃጁ አልወረደም ነበር፤ ንግግራችንን ሊሰማ አይችልም።

ዘንድሮ በጌ እንደገና ከአውራ በግ ጋር ውላለች። ሐኪሙ ስክሪኑን አዙሮ፣ «ልቡ ይኸው» ሲለኝ ትንሽ ነገር ትር ትር ስትል በዓይኔ አየሁ።

መሣሪያውን አምኜዋለሁ። ሰውየውን ግን ምርመራውን በጨረሰ ቁጥር ባጃጁ ከመንደራችን እስኪወጣ ድረስ ቆሜ አየዋለሁ።