ከሽቦው ወዲያ የነበረው ነጭ አደንጓሬ

ክብሪት ይሉታል። በያጅ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ሲናደድ ጭስ የለውም፣ ወዲያው ነበልባል ነው። አንዱ ደንበኛ የተሠራለትን የመስኮት ፍርግርግ አይቶ «ትንሽ ዘመም አላለም?» ቢለው፣ ፍርግርጉን ብድግ አድርጎ አስፋልቱ ላይ ወረወረለት። እናቱ በሞተች በሦስተኛው ቀን ከታናሽ እህቱ ጋር ተጣልቶ የጓዳውን በር ከማጠፊያው ነቅሎታል። ሰፈሩ ይህን ሁሉ እያየ «ቁጡ ነው እንጂ ልቡ ንጹሕ ነው» ይላል። ልቡን ማን ከፍቶ አየው? የሚታየው እጁ ነው!

ያ እጅ የሚለሰልሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለእናቱ ነጭ አደንጓሬ። ፍሬው እንደ ወተት ጥርስ የነጣ፣ ድጋፍ ይዞ የሚወጣ ሐረግ ነው። ከእናቱ የተቀበለውን ዘር አሥራ አንድ ዓመት ከዘመን ዘመን አሻግሮታል። ቀድሞ ያፈራው ሐረግ ላይ ለምልክት የጨርቅ ቁራጭ ያስርበታል፤ ከዚያ ማንም አይቀጥፍም። ቅርፊቱ እዚያው ደርቆ፣ ሲነኩት ውስጡ እስኪንኳኳ ይጠብቃል። ከዚያ ፍሬውን እየነከሰ ይፈትናል፤ ጥርስ ያልበሳው ብቻ ጣሳ ውስጥ ይገባል።

እናትየው ስትሞት ጓሮውን ለሁለት ከፍለው መሀሉን በሽቦ አጥረዋል። ወዲህ እሱ፣ ወዲያ እህቱ። እህቱ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። ከበሩ ጠብ ወዲህ ሰላምታቸው ሳል ብቻ ሆኗል። አንዱ ሲስል ሌላው መኖሩን ያውቃል፤ በቃ። በእሷ በኩል ግድግዳው ጥግ ምን እንደምትዘራ ጠይቋት አያውቅም።

ዘንድሮ ለዘር ያቆየውን ሲፈለቅቅ ዥንጉርጉር ወጣበት። ቀይና ጥቁር የተረጨበት። ሌላ ፈለቀቀ፤ ነጭ። ሌላ ፈለቀቀ፤ ዥንጉርጉር። ከሠላሳው ሐረግ አራቱ እንዲህ ሆነው ተገኙ። የዘራው ግን አንድ ሳይቀር ጥርት ያለ ነጭ ነበር፤ በገዛ እጁ ነው መሬት ያስገባው። እንግዲህ ሌላ እጅ ገብቷል ማለት ነው። የማን እጅ? ለክብሪት ይህ ጥያቄ አልነበረም።

ፒንሳውን አንስቶ ሽቦውን ቆረጠው።

«አንቺ ሌባ! ውጪ!»

እህቱ እስክትወጣ አልጠበቀም። ግድግዳው ጥግ ያለውን ሐረግ ከነድጋፍ እንጨቱ ጎትቶ ጣለው። ሥሩ ከነአፈሩ ተነቀለ። ቀጥሎ ያለውን። የዚያንም ቀጣይ።

«ጋሼ! አበድክ እንዴ? ተው!»

«በሽቦው ሥር እጅሽን ሰደሽ የእማማን ዘር ታበላሺብኛለሽ? ምን በደልኩሽ?»

«የማንን እጅ ነው የምታወራው? ያ የምትነቅለው ምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

መንቀሉን ቀጠለ። አካፋ አንስታ ትከሻው ላይ አሳረፈችበት። ዞረና ክንዷን ያዘው፤ ጠመዘዘው። ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። እህቱ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ኧረ በሕግ! ኧረ በሕግ!» አለ ጡረተኛው ጎረቤታቸው ከግንቡ በላይ። አንገቱን እንጂ እግሩን አላወጣም።

«ፈልቅቀው» አለች እህቱ፣ ላብ ግንባሯን አጥምቋት።

«ምኑን?»

«የነቀልከውን።»

ፈለቀቀ። ነጭ። ገና ጥፍር የሚቀበል፣ ያልጠነከረ፣ ግን ነጭ። ሌላም ፈለቀቀ። ነጭ።

«እማማ ለእኔም ሰጥታኝ ነበር። ብቻውን ነው እዚህ ጥግ የምዘራው። አንተ አምና ያንን ዥንጉርጉር ከገበያ አምጥተህ የት ተከልከው?»

ድጋፍ ለመቆጠብ ብሎ ከነጩ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነበር የተከለው፤ ሐረጉ ከሐረግ እስኪጠላለፍ።

«ንብ አንተን ፈርታ አትመለስም» አለች። «ከዚህ አበባ ወደዚያ ትሄዳለች። ልጣጩ የእናት ሐረጉን ቀለም ስለሚይዝ ዲቃላው አምና ነጭ ልብስ ለብሶ ጣሳህ ውስጥ ገባ፤ ዘንድሮ ገመናውን አወጣ። የቀረው ነጭህም ውስጡ ማን እንዳለ አታውቅም። እርግጠኛው ይኼ ነበር።» በደህና እጇ የተዘረረውን ሐረግ አሳየችው። «አሁን አትገተር! ከነሥሩ ቁልቁል ስቀለው፤ ጥላ ውስጥ። የሚተርፍ ካለ ይተርፋል።»

ሆስፒታል ልውሰድሽ ቢላት እንቢ አለች። ብቻዋን ሄደች።

ክብሪት በብየዳ ቤቱ ጣሪያ ሙሉ ሐረጉን ሰቀለው። የብየዳ ፍንጣሪና ደረቅ ሐረግ አንድ ላይ ስለማይሆን ሃያ ሦስት ቀን ሥራ ዘጋ። በዚህ መሀል ጡረተኛው እህትየዋ ዘንድ ለሽምግልና መጣ፤ ክንዷ በጄሶ ታስሯል። «የአንድ እናት ልጆች ናችሁ። ልቡ እኮ...»

«ልቡን እርስዎ ይዩት አባባ» አለችው። «እኔ አጥንቴን ሐኪም አይቶልኛል፤ ጽፎልኛልም።» ወረቀቱን ይዛ ከስሳው ነበር።

አብዛኛው ፍሬ ተጨማደደ። ጥርስ ያልበሳው ሠላሳ ሰባት ብቻ ተገኘ። ክብሪት በወረቀት ጠቅልሎ በተቆረጠው ሽቦ በኩል ዘረጋላት።

«ይኸው። የኔን በሙሉ ነቅያለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ጓሮ ካንቺ ሌላ አደንጓሬ የሚዘራ የለም።»

«ደግ አደረግክ።» በግራ እጇ ተቀበለችው።

ቆመ። «እንግዲህ... ክሱን...»

«ክሱ ሐሙስ ነው። ሦስት ሰዓት፣ ፖሊስ ጣቢያ። እንዳታረፍድ።»

ሐሙስ ሁለት ተኩል ላይ ጣቢያው በር ቆሞ ጠበቃት። ቃሉን ሲጠይቁት «ክንዷን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ሌላ አላስጻፈም።