አራቱ ወታደሮች ጎዳና የት ነው?

የምንኖርበት መንገድ ስም ሲወጣለት ሰፈርተኛው በሙሉ አጨበጨበ፣ ድንኳኑን ነቀለ፣ ወደየቤቱ ገባና ረሳው። የአቃቂ ሰው ክፋት የለበትም። ግን እኛ ጋ ሰው የሚቀጣጠረው «ወፍጮ ቤቱ ጋ» ነው፤ ከአባቶቹ የወረሰው እንደዚያ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዓመቱ! ዛሬ በቦታው ያለው የጂፕሰም መሸጫ ነው። ዱቄቱ ያው ነጭ ስለሆነ ለውጡን ያስተዋለ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አዲሱ ስም «አራቱ ወታደሮች ጎዳና» ነው። አራቱም የእኔ ሰዎች ናቸው። አያቴ እዚሁ መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ ነበር፤ በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ዘመተ፣ ተመልሶም አረሰ። ከልጆቹ አክስቴ የጦር ሠራዊት ነርስ፣ አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኑ። የሁሉም ታናሽ የነበረው አጎቴ የመገናኛ ራዲዮ ተሸክሞ ወደ ምሥራቅ ሄደና በዚያው ቀረ። የወረዳው ሰዎች መጀመሪያ ያሰቡት የአያቴን ስም ብቻ ለመጻፍ ነበር። አባቴ አሻፈረኝ አለ።

«አንዱን ጠርታችሁ ሦስቱን ልታስቀሩ ነው? ወይ አራታችንንም፣ ወይ ማናችንንም!»

ታፔላው በተተከለ ማግስት አባቴ ወንበር ይዞ ወጣና ከሥሩ ተቀመጠ። በሦስተኛውም ቀን፣ በአራተኛውም ቀን እንደዚሁ። ፀሐይ ሊሞቅ መስሎኝ ነበር። ለካስ ሰው ስሙን ሲጠራው ለመስማት ኖሯል። ታክሲ ይቆማል፤ «ወፍጮ ቤት ወራጅ አለ!» ይላል ረዳቱ። ልጃገረዶች በስልክ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ነኝ፣ ደርሻለሁ» እያሉ ያልፋሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ አንድ ሰው እንኳ አልጠራለትም።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ እጁን ከገበታው ላይ ሰበሰበና፣ «ልጄ፣ አባታችን መቃብር አለው። እኔና እትዬም ነገ ይኖረናል። ትንሹ ግን የትም የለ። የቀረችው ይቺ ስም ናት፤ እሷንም የሚጠራት ጠፋ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ነገር ሲያንገበግበኝ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልችልበትም። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበርኩ፤ ጠባዬም ብሶበት ነበር። ማዕዘኑ ላይ ሱቅ ያለውን የስልጤ ሰው ሄጄ ለመንኩት። «ለጋሼ ያልሆነ ለማን ይሆናል!» ብሎ እሺ አለኝ። በነጋታው አባቴ ሲያልፍ ጠብቆ፣ ሱቁ ውስጥ ዝንብ እንኳ ሳይኖር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ጮኸ፦

«ሁለት ኪሎ ስኳር ወደ አራቱ ወታደሮች ጎዳና ይላክ!»

አባቴ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ማን ነው ያስጠናህ?»

ሰውየው ለመዋሸት አልተፈጠረም። «ልጅዎ ናት፣ ጋሼ» ብሎ እቅጩን ነገረው። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ፤ ቤት መጥቶም እኔን እያየ እንደገና ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ወንበሩን ይዞ መውጣቱን ተወው። የእኔ ብልጠት ያመጣው ይህንን ነው።

ነገሩን ያፈረጠችው አክስቴ ናት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤቱን የምትመራው እሷ ስትሆን፣ አባቴን በታላቅነቷ እንዳሻት ትናገረዋለች። ውሃ ጠፍቶ ቦቴ አስጠርተን ነበር። ሹፌሩ ደውሎ ቦታውን ሲጠይቅ አባቴ ምንም ሳያስብ፣ «ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» አለው። አክስቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ጉድ በል ሰፈር! አንተ ራስህ ያልጠራኸውን ማን ይጥራልህ? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም!»

አባቴ ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተው። እኔ ሆዴን ይዤ ስስቅ ልጄ ውስጥ ሆና ረገጠችኝ። እሱ ግን ያን ቀን አንድ ነገር ወስኖ ነበር።

ልጄ ተወለደች። ክርስትናዋ በሰማንያ ቀኗ፣ ድግሱም አራስ በተኛሁበት በአባቴ ቤት እንዲሆን ከባሌ ጋር ተነጋገርን። «የጥሪ ካርዱን ለእኔ ተዉት» አለ አባቴ። መጠርጠር ነበረብኝ። ሄዶ አሳትሞ፣ ለዘመድም በየአቅጣጫው አድሎ ከጨረሰ በኋላ አንዱን አመጣልኝ። ጽሑፉ ወርቃማ ነው። ከላይ ሁለት እርግቦች አፍ ለአፍ ገጥመዋል፤ ለሠርግ ከተሠራው ላይ አስመርጠውት ይሆናል። ከታች አድራሻ፦ አቃቂ፣ አራቱ ወታደሮች ጎዳና። በቃ። ወፍጮ ቤት የለ፣ ሰማያዊው በራችን የለ፣ ስልክ ቁጥር የለ።

«አባዬ፣ ሰው በምን ያገኘናል?»

«ይጠይቃላ! አፍ የለውም?»

የክርስትናው ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ወጡ ወጥቶ፣ ጠላው ተቀድቶ፣ ሰባት ሰዓት አለፈ። የመጡት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው፤ እነሱ አድራሻ አያስፈልጋቸውም። ከወሊሶ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው የተነሱት የባሌ ዘመዶች የውሃ ሽታ ሆኑ። በመጨረሻ የባሌ ስልክ ጮኸ። ትልቁ አጎቱ ናቸው። ባሌ ብልጥ ነው፤ «ይሄ የእናንተ ቤት ጉዳይ ነው፣ እኔን አታስገቡኝ» ብሎ ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ልጄ፣ አቃቂ ከገባን አንድ ሰዓት ሆነን» አሉኝ። «ትራፊኩን ጠየቅነው፣ አያውቀውም። ከቂሊንጦ የሚመጡ የፋብሪካ ልጆች ከሰርቪስ ሲወርዱ ጠየቅናቸው፣ እነሱም እርስ በርስ ይጠያየቁ ጀመር። ለመሆኑ ያላችሁት አቃቂ ነው?»

ሎኬሽን እንዳልልክላቸው የእሳቸው ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ግን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «ወፍጮ ቤት» ካልኩ የመጀመሪያው ሰው እጃቸውን ይዞ ያመጣቸዋል። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀና ስል አባቴን በሩ ላይ አየሁት። አልተቆጣም፣ አልለመነኝምም። ሱፉን ለብሶ፣ ፈተናው እንደሚታረም ተማሪ አፍ አፌን ያየኛል። ወጡ ቀዝቅዟል፣ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ የባሌ ዘመዶች በረሃብ ሊያልቁ ነው። እንደዚያን ቀን በአባቴ ተናድጄ አላውቅም። እንደዚያን ቀን ወድጄውም አላውቅም።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «አራቱ ወታደሮች ጎዳና ነው። ያገኙትን ሰው ሁሉ ይጠይቁ። ደግሞ ጮክ ብለው!»

ስልኩን ዘጋሁት። አክስቴ አየችኝና፣ «የሱ ልጅ መሆንሽን ዛሬ አመንኩ» ብላ ወጡን መልሳ እሳት ላይ ጣደችው።

ከዚያ በኋላ ወሬ ይጎርፍልን ጀመር። ባለሱቁ ሽርጡን እንደታጠቀ ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ አራት ሰው መጥቶ ጠየቀኝ! ወላሂ ማንም አላስጠናኝም!» የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ እስከ ሳሪስ አቦ ተመልሰው፣ እዚያም ጠይቀው፣ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ከዚያው ከአቃቂ በሰቃ ሁለት እንግዶቻችንን እየመራች የመጣች ሽንኩርት ሻጭ ሴት ዘንቢሏን ደጃፍ ላይ አስቀመጠች። «ስንት ዓመት በዚህ ሳልፍ ስም እንዳለው አላወቅኩም፤ ስፈልግላቸው እኔም አገኘሁት» አለች። አክስቴ እጇን ይዛ አስገባቻትና ከነካህናቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። ያልተጠራ ሰው ሁሉ መንገድ እየመራ መጥቶ ይቀመጣል። ቤቱ ሞልቶ ሰው በረንዳው ላይ ተረፈ። እኔ ልጄን ታቅፌ ከማን ጋር እንደምስቅ ጠፍቶኝ ነበር። አባቴ ብቻ አልተቀመጠም። በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የወሊሶው ሚኒባስ ከዋናው መንገድ ታጠፈ። ረዳቱ በወገቡ ከበሩ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ስንት ሰው ሲጠይቅ እንደዋለ ድምፁ ይናገራል፤ ተዘግቶ ሻክሯል። ታፔላውን ሲያይ በደስታ ጣሪያውን በመዳፉ እየደበደበ፣ ልክ ከተወለደ ጀምሮ ሲጠራው እንደኖረ ፌርማታ ይለቀው ጀመር፦

«አራቱ ወታደሮች! አራቱ ወታደሮች! አራቱ ወታደሮች!»

ጂፕሰም የሚጭኑት ልጆች ቀና አሉ። ጎረቤት በየበሩ ወጣ። አክስቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች መጥታ ከወንድሟ ጎን ቆመች። አባቴ እጇን ያዘ። እንባው በጉንጩ ሲወርድ ሊጠርገው እንኳ አልሞከረም። ወገቡን አቀናና፣ ሚኒባሱ እንኳ ገና ሳይቆም፣ ከልጅነቴ ወዲህ ያልሰማሁትን ድምፅ አውጥቶ መለሰ፦

«አለን! አራታችንም አለን!»